የአያ ስንሻው መገነዣ በኤግዚቢሽን

የእኛ አገር ሰው ጥሩ ልብሱን አይለብስም! አዎ፣ ብያለሁ። ቅር ያለው ካለ መጀመሪያ ቤቱ ይግባና ሳጥኑን ይክፈት፣ ከዚያ በኋላ ይሟገተኝ። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉም በሌላ ፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ልብስ አለ። «ለምንድን ነው?» ብትሉት «ለቀን!» ይላችኋል። የትኛው ቀን እንደሆነ ግን ባለቤቱም አያውቅም። ጥምቀት ይመጣል… አይለበስም። የልጁ ሠርግ ይመጣል… «ይቆሽሽብኛል!» ተብሎ ይታጠፍና ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። የሚለበሰው የተቀደደው ነው። እሱም እስኪያልቅ ይለበስና ሲያልቅ ለአህያ ጀርባ መደላድል ይሆናል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው ማማት ስለምወድ አይደለም። (እወዳለሁ፣ ግን ለዚህ አይደለም።) ሥራዬ ስለሆነ ነው! ቢቸና ውስጥ የባህል ባለሙያ ነኝ። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ድረስ ተልኬ ስለ አልባሳት ታሪክና አያያዝ ሠልጥኛለሁ። ከሥልጠናው ጥቂት እውቀትና አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ይዤ ተመለስኩ። «የሰው እጅ ላብ አለው፤ ላብ ደግሞ ጨርቅ ይበላል። አሮጌ ልብስ በባዶ እጅ አይነካም!» ብለውናል አሠልጣኞቻችን። እውቀቱ እየቆየ ሳሳብኝ፤ ጓንቱ ግን እንዳማረበት አለ።

ሞባይል ገና እንደ ብርቅ የሚታይበት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ የምንወጣበት ዘመን ነበር። ሞጣ ላይ የአካባቢው ወረዳዎች የሚካፈሉበት የባህል ሳምንት ሊደረግ ሆነና ኃላፊዬ ጠራኝ። «ቢቸና የጥንት አልባሳት ኤግዚቢሽን ታቀርባለች» አለኝ። «ማን ያዘጋጀዋል?» አልኩት። ጓንቴን አየ። እንደዚህ ነው የተመደብኩት።

በየቤቱ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባሁት አንዲት የተከበሩ እናት ቤት ነው። ገና ጓንቴን ሳጠልቅ ደነገጡ።

«እጅህን ምን ነካህ ልጄ?»

«ምንም አልነካኝም እማማ። ለልብሱ ብዬ ነው።»

«ለየትኛው ልብስ?»

«እርስዎ ለሚያሳዩኝ።»

«እንዴ! የእኔን ልብስ የምትጸየፍ ከሆነ ማን ና አለህ?»

አስወጡኝ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ «የአያቴ በርኖስ አለኝ» ብሎ ልቤን ሰቀለው። በርኖስ! ጥቁር፣ ባለ ትከሻ፣ የደህና ሰው ካባ! እየተጣደፍኩ ተከተልኩት። ወደ ጓሮ ወሰደኝና «ያውልህ» አለኝ። ለብሳው የቆመችው አህያ ናት።

«ይኼ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ከነአህያይቱ?»

«በርኖሱ ብቻ!»

«አይ… ክረምቱ ሳይወጣ አልገፍፋትም። ያማታል ጀርባዋን።»

ሌላዋ የአያታቸውን የጥበብ ቀሚስ በክብር አወጡልኝ። ስዘረጋው ቀሚሱን ብል ጨርሶት ጥለቱ ብቻ ቀርቷል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ የለበሱት ሁሉ አልቋል፣ ያልለበሱትን ደግሞ ብል ለብሶታል። የሞጣው ቀን እየደረሰ ነው፣ በእጄ ያለው አንድ ጥለትና ከአህያ ጋር የተጀመረ ድርድር ነው። ኃላፊዬ በኮሪደር ባገኘኝ ቁጥር «እህ?» ይለኛል። እኔም «እየተሰበሰበ ነው» እለዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አያ ስንሻው ያስጠሩኝ። አያ ስንሻው ማለት ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ከልጃቸው ከአለምነሽ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው እማማ ይርገዱ ከሞቱ ቆይተዋል። አያ ስንሻው ዱላ ይይዛሉ፤ የሚይዙት ግን ሊደገፉት አይደለም። ሳጥናቸውን ከፈቱና አንድ ነጭ ኩታ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። እናንተዬ! ክሩ እንዴት ቀጥኗል! አንድ ቋጠሮ የለበት፣ አንድ ጉድፍ የለበት። 

«ማን ፈተለው አያ?»

«ይርገዱ ናታ! ሌላ ማን ይችልና!»

«ለብሰውት ያውቃሉ?»

«ሞቼ አላውቅ፤ እንዴት አድርጌ እለብሰዋለሁ?»

ያኔ ገባኝ። መገነዣቸው ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ እኛ ዘንድ ሰው ዕድሜው ገፋ ሲል መገነዣውን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ሟርት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ድንገት ቢጠራ ዘመድ ጨርቅ ፍለጋ ገበያ ለገበያ እንዳይሮጥ ነው። እማማ ይርገዱ ለሁለታቸው ፈትለው ነበር። በአንደኛው እሳቸው ተገንዘው ሄዱ። ይኼ የአያ ስንሻው ድርሻ ነው።

«የርሷን ለጥቂት ጊዜ አየሁት፤ ወዲያው አፈር ገባ» አሉ ኩታውን እየዳሰሱ። «ይኸን ደግሞ የምለብሰው ሞቼ ነው፤ እኔም አላየው። እንዲያ ዓይኗ እስቲደክም የፈተለችውን ሰው ሳያየው ይቅር? ወስደህ አሳይልኝ።» ኩታውን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ይህን ጊዜ ዱላቸውን አነሡ። «ነገር ግን! ከሞትሁ ሌላ ጨርቅ ገላየን አይነካትም። ሳልገነዝ ታደርሳለህ!»

«አደርሳለሁ አያ!»

«ዋስ ጥራ!»

«ጊዮርጊስን!»

አያችሁ ጉዴን? እኔ ነኝ ያለ የአልባሳት ባለሙያ፣ በአንድ ኩታ ምክንያት ቅዱስ ጊዮርጊስን ዋስ አስገባሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአያ ስንሻው ጤና የእኔ ጉዳይ ሆነ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በደጃቸው አልፋለሁ። «ደህና አደሩ?» ስላቸው የምሬን ነው፤ መልሱን ቆሜ እጠብቃለሁ። ትንሽ ሲያስሉ እኔን ያልበኛል። በቅሎ ሊቀመጡ ሲሉ ልጓሙን ይዤ እንዳይወጡ ለመንኳቸው። ልጃቸው አለምነሽ «አባቴን እንዲህ የምትወድ መሆንህን አላውቅም ነበር» ብላ እንባዋ ሲመጣ መሬት ብትከፈት በወደድኩ።

ኤግዚቢሽኑ ሞጣ ተከፈተ። አዳራሻችን የሐጂ ሰይድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሐጂ ሰይድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቤቱን በነፃ ሰጡን፣ ቁልፉን ግን ከእጃቸው አላወጡም። የእማማ ይርገዱን ሥራ መሐል ላይ ሰቀልኩት። «አይነካም» ብዬም ጻፍኩ። የሞጣ ሴቶች ጽሑፉን በአንድ እጃቸው ገለል አድርገው በሌላው ይዳስሱታል! ልቆጣ እልና ፊታቸውን ሳይ ይቀረኛል። አንዷ ጥፍሯን ክሩ ላይ ሄድ መለስ እያደረገች «ኧረ እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው?» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ጥለቱን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

በሁለተኛው ቀን፣ ለምሳ ተዘግቶ ሁላችን ስንወጣ፣ ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ናት፣ ከቢቸና።

«አያ ስንሻው…» አለች።

«ምን ሆኑ?!»

«ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ነበር፤ አሁን መልሰው አምጥተው አስተኝተዋቸዋል። አፋቸውም…»

«አፋቸው ምን?»

«መናገር የለም! ጭራሽ…»

ጭጭ! ኔትወርኩ ሄደ። ብደውል የለም፣ ጉብታ ብወጣ የለም። ከጤና ጣቢያ ተመልሰው፣ ንግግር አቁመው… እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ዓይኔ ላይ የመጣው አያ ስንሻው ሱቅ በተገዛ አቡጀዲ ሲገነዙ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጊዮርጊስ ነው፤ በፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሐጂ ሰይድ መስጊድ ናቸው፣ ቁልፉም አብሯቸው እየሰገደ ነው። ደጃፉ ላይ አንዴ በግራ እግሬ አንዴ በቀኝ እግሬ እየቆምኩ ጠበቅኳቸው። ብቅ ሲሉ ዘለልኩባቸው።

«ሐጂ! ቁልፍ! መገነዣ! ሰውየው ቢቸና…»

የማን ነው፣ ለምን ነው አላሉም። «ከፈኑ እዚህ ተሰቅሎ ሰው እዚያ ይጠብቃል? ኧረ ነውር ነው!» ብለው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይከተለናል። በሩ ተከፈተ፣ ኩታውን አወረድኩ። ጓንት? የምን ጓንት! በዚያ በሚንጠፈጠፍ ላቤ እንዳለሁ ጉያዬ ከተትኩት። ሐጂ ሰይድ ደግሞ ወደ ቢቸና ሊወጣ የተዘጋጀ ሚኒባስ ፊት ቆመው «ከፈን ይዟል! ከፊት አስቀምጡት!» ብለው አዘዙ። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ።

ሾፌሩም ነገሩን የግል ጉዳዩ አደረገው። ግንደወይን ላይ እጁን የሚያውለበልብ ተሳፋሪ ጥሎ አለፈ፤ ረዳቱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ኩርባውን ሲያጥፈው ከኋላዬ ያሉ እናት መቀመጫዬን ጨምድደው ያዙና ጮሁ።

«ኧረ ቀስ በል ልጄ! የተያዘው መገነዣ እኮ የአንድ ሰው ብቻ ነው!»

ቢቸና ደረስኩ። አያ ስንሻው ግቢ ሁለት የጎረቤት ሴቶች በዝግታ እያወሩ ተቀምጠዋል። ሰላም ሳልላቸው ዘልዬ ገባሁ። አያ ስንሻው አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ አገጫቸው ከታች ወደ ላይ፣ እስከ አናታቸው፣ በነጭ ጨርቅ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እንዲህ አገጩ የሚታሰር ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

«አያ ስንሻው! አያዬ! ይኸው ደረስሁልዎ! ትንሽ ቢጠብቁኝ ምን ነበረ!»

ኩታውን ከእግር እስከ ራሳቸው ዘረጋሁባቸውና ጩኸቴን አቀለጥኩት። እንደምታውቁት የእኛ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ሁለቱ ሴቶች «ዋይ!» ብለው ተቀበሉኝ። አለምነሽ ጓሮ ነበረች፤ አባቷን ደህና ትታቸው ነው ውኃ ልትቀዳ የወጣችው። ጩኸታችንን ስትሰማ ግን እሷም አመነችና እንስራዋን ጥላ «አባቴን!» እያለች ገባች። ሰፈሩ ተንጋጋ። የዕድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን ነፋ። የድንኳኑ ምሰሶ ሲወርድ፣ የንፍሮው ብረት ድስት ሲንኳኳ በመስኮት ይሰማኛል።

በዚህ መሐል ነው መገነዣው ቀና ብሎ የተቀመጠው።

አንዷ ሴት የተቀመጠችበትን ዱካ ይዛ ነው የወጣችው! አያ ስንሻው ኩታውን ከፊታቸው ገለጡና ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። «እም! እምምም!» ይላሉ፤ አፋቸው በጥጥ ተወትፏል። ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ እጃቸውን አልጋ ሥር ሰደዱ። ዱላዋ ጀርባዬ ላይ ስታርፍ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከደስታዬ የተነሳ አላመመኝም። እንዲህ የሚማታ ሰው አልሞተም!

«ጥርሳቸውን እኮ ነው የተነቀሉት!» አለች አለምነሽ ነፍሷ ሲመለስ። «መንጋጋቸውን! ሐኪሙ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥቷቸው፣ ደሙ እስቲቆም አስራችሁ አቆዩት፣ አይናገሩ ብሎን ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው ሰው የምታስጨርስ?»

ውጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የዕድሩ ዳኛ ምሰሶ ተደግፈው «ማን ነው የሞተው?» ይላሉ።

«ማንም አልሞተም።»

«ድንኳኑስ?»

«ይነቀላ!»

«ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ንፍሮ ተጥዷል። ይኸን ሁሉ ሰው ባዶ አፉን ሂድ ልንለው ነው?»

ተመከረበትና ንፍሮው ይበላ ተባለ። ተበላም። አያ ስንሻው በገዛ ለቅሷቸው ድንኳን ውስጥ፣ አገጫቸው እንደታሰረ፣ ንፍሮ የሚቆረጥመውን ጎረቤት ሁሉ አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ። እሳቸው መቆርጠም አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አታንሱት። ገበያ መሐል «ያ መገነዣ ይዞ የሚዞረው» ይሉኛል። ልጁ ጉንፋን የያዘው ጎረቤቴ «አደራ፣ አንተ እንዳትጠይቀኝ» ብሎ ላከብኝ። ኃላፊዬ እንኳ ራሴን አመመኝ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ቢሮው ስገባ ብድግ ብሎ ቆመ። ይህ ሁሉ ይሁን። እኔን የበላኝ የአያ ስንሻው ነገር ነው። እምነት ጥለው የሰጡኝን፣ የሚስታቸውን እጅ፣ በቁማቸው ያለበስኳቸው ሰው ነኝ። ቢቀየሙኝ እውነታቸውን ነው።

አፋቸው ሲድን ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ኩታውን አጥፌ በሁለት እጄ አቀረብኩት።

«አያ ስንሻው፣ ይቅር ይበሉኝ። መገነዣዎ ይኸው።»

አልተቀበሉኝም። «ሰው አየው?» አሉኝ።

«ምኑን አያ?»

«የይርገዱን እጅ ነዋ!»

«አየው። የሞጣ ሴቶች አይነካም ብል እምቢ ብለው እየዳሰሱ አዩት።»

«ምን አሉ?»

«‹እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው?› አሉ።»

አቀረቀሩ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

«ይዘኸው ሂድና ቢሮህ ስቀለው» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ሳጥን ውስጥ እኔና ብል ብቻ ነን የምናየው።»

«ኧረ አያ… እንደው አያድርገውና…»

«አልሞትም! ሞት መጥቶ ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተበልቶ፣ አንተም ስታለቅስ ቢያይ ያለቀ ጉዳይ መስሎት ተመለሰ። አሁን መገነዣየም ሳጥኔ ውስጥ ከሌለ ምን ብሎ ይመጣል?»

ሽማግሌዎቹ ይህን ሰሙ። ተያዩም። አንደኛውን በጠዋት ቢሮዬ ደጃፍ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «የእኔንም ስቀልልኝ» አሉ። ማግስቱን ወንድማቸው መጡ። ከዚያ የወንድማቸው ባልንጀራ፣ ከዚያ እኚያ በጓንቴ ምክንያት ያስወጡኝ እናት። እምቢ ልበል? ስለምን? አንድ አሮጌ ልብስ ስጡኝ ብዬ በየቤቱ ስለምን የከረምኩ ሰው፣ አሁን ማስቀመጫ አጣሁ! ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም አዲስ ነው፣ ከአያ ስንሻው ኩታ በቀር አንዱም የሰው ገላ ነክቶ አያውቅም። ሁሉም ደግሞ «ሳልገነዝ ታደርሳለህ፣ ዋስ ጥራ!» ብለው ነው የሚሰጡኝ። ጊዮርጊስ በእኔ የተነሳ ሌላ ሥራ መሥራት መቻሉንም እንጃ። ከከተማ መውጣት ቀረ። ሚስቴ አምበር ያሉ ዘመዶቿን እንጠይቅ ስትለኝ «መገነዣ የሰጡኝ እማማ ያስላቸዋል፤ ይለይለትና» እላታለሁ። እሷም እንደ ድሮው አትጠይቀኝም።

ባለመገነዣዎቹ በጠዋት ይመጡና ከቢሯችን ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። መገነዣቸውን እየጠበቁ ነው፤ እኔ ደግሞ በመስኮት እነሱን እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እቆጥራቸዋለሁ። አንዱ የዘገየ እንደሆነ ሥራ አይገባኝም።

በመጨረሻም ከበላይ አካል አንድ ከረባት ያሰሩ ጎብኚ መጡ። መገነዣዎቹን የሰቀልኩበትን የቢሯችንን ክፍል አንዴ ዞሩት፣ ደገሙት።

«ይኼ ስንት ዘመኑ ነው?»

«አዲስ ነው ጌታዬ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም አዲስ ነው።»

«ማን ለብሶት ነበር?»

«እስካሁን… ማንም።»

«በሩ ላይ ‹የአልባሳት ታሪክ ክፍል› አይደል እንዴ የሚለው?»

«ነው ጌታዬ።»

ሰውዬው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ታዲያ ይኼ ሁሉ ጨርቅ ታሪክ የሚሆነው መቼ ነው?!» ብለው ጮሁ።

ከመስኮቱ ውጭ የአያ ስንሻው ድምፅ መጣ።

«ምነው ልጄ… እኛስ አልቸኮልንም!»